ችፌን የሚነቅል መድኃኒት የለም፤ የሚያሳርፍ ግን አለ

በአማራ ክልል በወገዳ ምድር፣ ከስማዳ እስከ እስቴና ጋይንት፣ ልጁ ችፌ የያዘበት ወላጅ የሚሰማው ምክር ከቤት ቤት አይለያይም። «ደሙ ተበክሎ ነው፤ ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት አዋቂ ፈልግለት» ይሉታል። ከጤና ጣቢያ ቅባት ተቀብሎ የተመለሰ እንደሆነም «እሱ እኮ ያዳፍነዋል እንጂ አያድነውም፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ሌላ ጣጣ ያመጣበታል» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። አያቶች፣ የንስሐ አባቶች፣ ለልጁ ከልባቸው የሚያዝኑ ዘመዶች ናቸው። ምክሩ ግን ስሕተት ነው። ስሕተትነቱ በወሬ ብቻ ቢቀር ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ፤ ነገር ግን የልጆችን ገላ ያቆስላል፣ የደሀን ገንዘብ ይጨርሳል፣ ሰውን ከመሶብ ያርቃል።

ከደሙ ልጀምር። ችፌ የደም መበከል አይደለም። የቆዳ በሽታ ነው፣ መነሻውም ሁለት ተደጋጋፊ ነገሮች ናቸው። አንደኛው የቆዳው የላይኛው ሽፋን መሳሳት ነው። ጤናማ ቆዳ ከሕዋሳቱ መካከል በሚገኝ ስብና ፕሮቲን ተመርጎ የሚኖር ነው፤ እርጥበቱ ወደ ውጭ አይወጣም፣ አቧራና ተሕዋስ ወደ ውስጥ አይገቡም። የችፌ ሕመምተኛ ቆዳ ግን ምርጊቱ እንደ ረገፈ የጭቃ ቤት ነው፤ ያለው ሙቀት ይወጣል፣ የሌለው ነፋስ ይገባል። ሁለተኛው የሰውነት መከላከያ ጠባይ ነው። በዚያ በሳሳ ቆዳ በኩል የገባውን ሁሉ እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሣበታል፤ ቆዳው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ያሳክካል። ሲያሳክክ ይታከካል፤ ሲታከክ ሽፋኑ ይበልጥ ይቀደዳል፤ ሲቀደድ መልሶ ይቆጣል። ይህን አዙሪት በሚጠጣ ቅጠል «ደም በማጥራት» መስበር አይቻልም፤ ሊሰበር የሚችለው ቆዳው ላይ ነው።

«ዘር ነው» የሚሉም አሉ። እነርሱ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ወላጆቹ ችፌ፣ አስም ወይም የአፍንጫ አለርጂ ያለባቸው ልጅ ለችፌ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በስኮትላንድ የደንዲ ተመራማሪዎች የመሩት ቡድን ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል ሲጎድል ችፌ በብዛት እንደሚከሰት አሳየ። ግኝቱ የአውሮፓን የቆዳ ሕክምና አስተሳሰብ ለወጠ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2011 ኢትዮጵያውያንና ስዊድናውያን ባለሙያዎች አንድ ላይ ሆነው ከ100 በላይ ኢትዮጵያውያን የችፌ ሕመምተኞችን ሲመረምሩ፣ በአውሮፓ የታወቁት የዚያ ዘረ መል ጉድለቶች አልተገኙባቸውም፤ በአንድ ሕመምተኛ ላይ ብቻ ከዚያ በፊት የማይታወቅ አዲስ ጉድለት ታየ። ይህ ውጤት ለእኛ ትልቅ ነገር ይነግረናል። በእኛ አገር ችፌን በአንድ የተሰበረ ዘረ መል ማመካኘት አይቻልም ማለት ነው። ሌሎች የውርስ ምክንያቶች ይኖራሉ፤ ከእነርሱ ጋር ደግሞ አየሩ፣ ሳሙናው፣ ጭሱ፣ ልብሱ አሉ። እነዚህን የመለወጥ ዐቅም በእጃችን ነው። ስለዚህ «ዘሩ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ እጅን ማጣጠፍ ልክ አይደለም።

ወገዳ ደግሞ ቆዳን የሚያደርቅ ምድር ነው። የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚያወርደው ብርድ ደጋውን ሁሉ ይገርፋል። ክረምቱ ከወጣ በኋላ አየሩ ይደርቃል፣ በመኸር ጊዜ የአውድማው እብቅ በአንገትና በክርን እጥፋት ይገባል። ሌሊት የበግ ፀጉር በርኖስ ይለበሳል፤ ለሌላው ሰው የሚሞቀው ፀጉር የችፌውን ልጅ ሌሊቱን ሁሉ ያሳክከዋል። ቤት ውስጥ የኩበትና የእንጨት ጭስ አለ። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሳሙናው ነው። ችፌን ከቆሻሻ የሚቆጥር አመለካከት ስላለ እናት ልጇን በልብስ ሳሙና፣ አንዳንዴም በእንዶድ፣ እየፈገፈገች ታጥበዋለች። በሚቀጥለው ቀን ብሶ ታገኘዋለች። «ገና አልጠራም» ብላ ደግማ ትፈገፍገዋለች። የልብስ ሳሙና የተሠራው ቅባትን ከጨርቅ ሊያወጣ ነው፤ ከቆዳም ያወጣዋል፣ ለዚያውም ይህ ቆዳ ያለው ቅባት ጥቂት ነው። የዚያች እናት ትጋት ወደ ልጇ ጉዳት የተለወጠው ማንም ትክክለኛውን ነገር ስላልነገራት ነው። እኔን ከምንም በላይ የሚያንገበግበኝም ይህ ነው።

አሁን ሰውን ከመሶብ ወደሚያርቀው ፍርሃት፣ ወደ መጋባቱ እንምጣ። ችፌ አይጋባም። በእጅ መጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት፣ ልብስ በመዋዋስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የእጅ ችፌ ያለባት ሴት የጋገረችውን እንጀራ መብላት ማንንም አያሳምምም። ይህን ስል ሕዝቡ የሚያሳክክን ነገር ሁሉ የሚፈራበት ምክንያት እንዳለው አልክድም። በ2008 ዓ.ም ከድርቁ ጋር ተያይዞ የእከክ ወረርሽኝ በአማራ ክልል ሲስፋፋ፣ በ68 ወረዳዎች ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰው ታይቶ ሢሶው ያህል እከክ ተገኝቶበታል። ያን ጊዜ ያየ ሰው የሚታከክ ልጅ ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ግን እከክና ችፌ ሁለት ናቸው። እከክ በዓይን በቀላሉ የማትታይ ትንሽ ተባይ ቆዳ ውስጥ ገብታ የምታመጣው ነው፤ ማታ ማታ ይብሳል፣ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በወገብና በብልት አካባቢ ይወጣል፣ ብዙውን ጊዜም አንድ ቤት ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ ያዳርሳል። ችፌ በሕፃን ጉንጭና ግንባር ይጀምርና ከፍ ሲል ወደ ክርን እጥፋት፣ ወደ ጉልበት ጀርባ፣ ወደ አንገትና እጅ ይሄዳል፤ ይሄዳል ይመለሳል፤ አንዱ ልጅ ሲሰቃይ አብሮት የሚተኛው ወንድሙ ምንም አይሆንም። እከክ የቤተሰቡ ሁሉ መታከም ያስፈልገዋል፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ለችፌው ልጅ ደጋግሞ የእከክ መድኃኒት መቀባት ቆዳውን ያቃጥለዋል። በዚያው መጠን ጭርት የያዘውን ልጅ በችፌ ቅባት ማከም ጭርቱን ያስፋፋዋል። ስለዚህ ክርክሬ «ሁሉም ችፌ ነው» አይደለም፤ መጀመሪያ ማየት ያስፈልጋል። የሚያየውም ጤና ጣቢያ ነው። በተለይ ስሜት የሌለው፣ ሲነኩት የማይሰማ ነጠብጣብ ከታየ ሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ መታየት አለበት፤ እርሱም ቢሆን በሚታወቅ መድኃኒት የሚድን በሽታ ነው።

የመጋባቱን ነገር ካነሣን፣ ነገሩ እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነው። የችፌው ልጅ ሌላውን አይጎዳም፤ ሌላው ግን እርሱን ሊጎዳው ይችላል። ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው ችፌ ያለበትን ሕፃን ቢስም፣ የምቹ ቫይረስ በሳሳው ቆዳ ላይ በፍጥነት ይሰራጫል፤ ሕፃኑም በትኩሳትና በውኃ ቋጠሮ ሊታመምና ሕይወቱም ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል። በመንደራችን ችፌ ያለበትን ልጅ ሰው እንዳያቅፈው ከመከልከል ይልቅ ምች ያለበት ዘመድ እንዳይስመው መከልከል ነበር የሚገባው።

ስለ መንቀያው መድኃኒት እንነጋገር። የባህል ሕክምናን በጅምላ የምንቅ ሰው አይደለሁም። የብሳና ፈሳሽ ለጭርትና ለቋቁቻ ሲቀባ ዘመናት አልፈዋል፤ ሰው ያለ ምክንያት አልያዘውም። ነገር ግን ጭርት ፈንገስ ነው፣ ችፌ ፈንገስ አይደለም። በተቆጣና በተላጠ ቆዳ ላይ የቁልቋል ወተት ወይም የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ሲደረግ የሚሆነው ቃጠሎ ነው። ያቆስላል፣ ይልጣል፣ ይመግላል። ከዚያ በኋላ የቆሰለው ቆዳ ሲያገግም ችፌውም ለጥቂት ሳምንታት የጠፋ ይመስላል፤ «ነቀለው» ይባላል። ችፌ ግን ማንም ሳይነካውም ጋብ የሚልበት ጊዜ አለው። ብዙ ልጆች ላይ ደግሞ ከዕድሜ ጋር እየቀለለ ሄዶ ይተዋቸዋል። መንቀያ ሰጪው ምስጋና የሚሰበስበው ጋብ ባለበት ሰሞን ነው፤ በሽታው ሲመለስ ደግሞ «ያዘዝኩህን ምግብ አልጾምክም» ይለዋል። ወቀሳው ከሰጪው ወደ ሕመምተኛው ይዞራል። ልጁ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ተከልክሎ ይከርማል። ለጥቂት ልጆች የተወሰነ ምግብ ችፌውን ሊያባብስ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ግን ያለ ምርመራ፣ ድርቅ በሚደጋግመው አገር፣ ከሚያድግ ልጅ አፍ እንቁላልና ወተት መንጠቅ ከችፌው የከፋ ጉዳት ነው።

«ወደ ውስጥ ይገባል» የሚለው ሐሳብ ከሁሉም የሚከብድ ነው፤ ምክንያቱም ከእውነተኛ ትዝብት የተነሣ ነው። በሕፃንነቱ ችፌ የነበረበት ልጅ ከፍ ሲል አስም ሊይዘው የሚችልበት ዕድል ከሌላው ልጅ ይበልጣል። አባቶቻችን ይህን አይተዋል። ቆዳው ላይ ሲጠፋ ደረቱ ላይ ብቅ ሲል ያየ ሰው «ቅባቱ አስገባው» ቢል ነገሩ የተገጣጠመ ይመስላል። ነገር ግን ቅባት በአጠገባቸው ያላለፈ ልጆችም በአስም ይያዛሉ። ችፌና አስም የአንድ ተፈጥሮ ሁለት መገለጫዎች ናቸው፤ አንዱ ቀድሞ ይመጣል፣ ሌላው ይከተላል። እንዲያውም ዛሬ የሚታመነው፣ አቧራና ሌላው አለርጂ ቀስቃሽ ነገር በሳሳው ቆዳ በኩል ሲገባ የሰውነት መከላከያ በዚያ ነገር ላይ መነሣሣትን ይማራል የሚል ነው። እንደዚያ ከሆነ ቆዳውን ክፍት መተው ነው የሚያሠጋው፣ መድፈኑ አይደለም።

የቆዳን ቁጣ ለሚያበርደው የስቴሮይድ ቅባት ያለው ፍርሃት ግን ከገጠሩ ብቻ አልመጣም። ከከተማው መጥቷል፤ ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በአዲስ አበባም በባሕር ዳርም ክሎቤታሶልና ቤታሜታዞን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየተገዛ ፊት ማቅያ ሆኗል። ክሎቤታሶል በዚህ ወገን ካሉት እጅግ ብርቱ ቅባቶች አንዱ ነው። ለወራት ፊት ላይ ሲቀባ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉር ይወጣል፣ ሲያቆሙት ፊቱ ይቃጠላል፤ ዓይን አካባቢ ሲሆን ደግሞ ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። እንዲህ የተጎዳችው ዘመድ ለበዓል ወደ አገሯ ስትመጣ የወገዳ እናት ፊቷን አይታ «ክሬም ቆዳ ይበላል» ብላ ትደመድማለች። ከዚያ ልጇ ላይ ለሁለት ሳምንት የታዘዘውን ለዘብተኛ ቅባት በሦስተኛው ቀን ታቆመዋለች። ከተማው መድኃኒቱን ያለ አግባብ ሲያበዛ ገጠሩ ያለ አግባብ ይነፍጋል። መፍትሔው ከሁለቱም አይደለም። ለዘብተኛው ስቴሮይድ ሃይድሮኮርቲዞን ለቆዳ መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ ከ70 ዓመት በላይ የተፈተነ ነገር ነው። ዋጋውም ለመንቀያ ከሚከፈለው ጋር አይወዳደርም።

አጠቃቀሙ ይህ ነው። ለፊት፣ ለአንገትና ለእጥፋት እንደ ሃይድሮኮርቲዞን ያለ ለዘብተኛው፣ ለእጅና ለእግር በወፈረ ቆዳ ላይ ደግሞ ሐኪሙ የሚያዘው ብርቱው ይቀባል። ከቱቦው ወጥቶ ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የሚደርሰው መጠን የሁለት የአዋቂ መዳፍ ስፋት ያለውን ቆዳ ይበቃል። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ የተቆጣው እስኪረጋጋ፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት። በስስት እዚህም እዚያም ነካ ነካ ማድረግ በሽታውንም አያበርድም፣ ቅባቱንም ያባክናል። ሲረጋጋ ይቆማል። ቶሎ ቶሎ የሚመለስበት ሰው ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን በተለመደው ቦታ ላይ በመቀባት ሊያቆየው ይችላል፤ ይህ በሐኪም ምክር የሚደረግ ነው። ቆዳው እርጥብ ቅርፊት ካበጀ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካለ ግን ተሕዋስ ገብቶበታልና ሌላ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

ያም ሁሉ ሆኖ ዋናው ሕክምና ስቴሮይዱ አይደለም፤ የየቀኑ ቅባት ነው። ሽታ የሌለው ቫዝሊን በየሱቁ አለ። በለብ ያለ ውኃ፣ ሳሙናውን ቀንሶ ወይም ትቶ ከታጠቡ በኋላ፣ ውኃው ጠፈፍ ሲል ቆዳው ሳይደርቅ መላ ገላውን መቀባት ነው። ችፌው በሌለበት ሰሞንም አይቋረጥም። በርኖሱን አልከለክልም፤ ብርዱን አውቀዋለሁ። ከሥሩ ግን የጥጥ ልብስ ይሁን። የልጁ ጥፍር ይቆረጥ። ጸበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ በጸበሉና በቅባቱ መካከል ጠብ የለም። ተጠምቆ እንደወጣ ቫዝሊኑን ይቀባ፤ «ጸበል ላይ ሳለህ የሐኪም መድኃኒት አትንካ» የሚሉ አገልጋዮች ግን ይህን ቃላቸውን እንዲተዉ እለምናቸዋለሁ።

ሰው የሚያነሣብኝን መልስ አውቃለሁ፦ «ታዲያ ዕድሜ ልክ መቀባት መዳን ነው?» የደም ግፊት ያለበት ዘመዳችን በየቀኑ ክኒን ሲውጥ «አልዳነም፣ ጣለው» አንለውም። ስኳር ያለበትም እንዲሁ። ችፌ ላይ ሲሆን ነው አንድ ጊዜ ተነቅሎ ካልጠፋ ሕክምና የማይመስለን። ሌሊት የሚተኛ ልጅ፣ ክፍል ውስጥ እጁን የማይደብቅ ተማሪ፣ ዱቄት ስታቦካ እጇ የማይሰነጠቅ ሴት፣ እነዚህ የመዳን ምልክቶች ናቸው። በሽታው ተመልሶ ሲመጣም መድኃኒቱ ሸፈጠ ማለት አይደለም፤ የበሽታው ጠባይ ነውና እንደገና ይታከማል።

ለመርፌ ያለን ፍቅርም በሽታው አንድ ጊዜ ተነቅሎ ይጥፋ ከሚለው ጥድፊያ የመጣ ነው። ስቴሮይድ በመርፌ ሲሰጥ በቀናት ውስጥ ገላው ይጠራል፤ ሕመምተኛው ይመሰክራል፤ ሲያልቅ ግን ችፌው ብዙ ጊዜ ከፊቱ ብሶ ይመለሳል፣ ደጋግሞ መወጋቱም አጥንትን፣ የደም ስኳርንና የልጅን ዕድገት ይጎዳል። በቅባት ለማይረጋጋው ከባድ ችፌ ሌላ መንገድ አለ፤ የብርሃን ሕክምና፣ እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉ በክትትል የሚወሰዱ መድኃኒቶች፣ በባዕድ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ዱፒሉማብ የተባለው ውድ መርፌ። እነዚህ በስፔሻሊስት እጅ የሚሰጡ ናቸው፤ የወገዳ ሰው ወደ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር መሄድ ያስፈልገዋል። ይህ ጉዞ የሚያስፈልጋቸው ግን ጥቂቶች ናቸው። የሚበዛው ችፌ በቫዝሊንና በአንድ ቱቦ ቅባት፣ ነገሩን በወጉ በሚያስረዳ አንድ የጤና ባለሙያ ይያዛል።

እዚህ ላይ የባለሙያውም ድርሻ አለበት። የሕክምና መጻሕፍት የሚያሳዩት ችፌ በነጭ ቆዳ ላይ የቀላ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ጎልቶ አይታይም፤ ይጠቁራል፣ ይገረጣል፣ ዳሰስ ሲያደርጉት እንደ አሸዋ የሚቆረቁር ጥቃቅን እብጠት ያወጣል። ሲተውም የነጣ ምልክት ይተዋል፤ ያንን ለምጽ ነው ብሎ የሚደነግጥ ወላጅ ብዙ ነው። ቀስ እያለ ወደ ቀለሙ እንደሚመለስ ሊነገረው ይገባል። ቱቦ አቀብሎ «ቀባው» ብሎ መሸኘት ሕክምና አይደለም። የት፣ ምን ያህል፣ ለስንት ቀን የሚለው ካልተነገረ፣ እናቲቱ መልሱን ከጎረቤት ትወስደዋለች፤ የጎረቤቷንም መልስ ከላይ አይተነዋል።

በጅማ እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ የሆነ ጥናት 8,000 ገደማ ሕፃናትን አይቶ ከመቶው አራት ያህሉ ችፌ እንደያዛቸው አግኝቷል። ችፌ የባዕድ ወይም የባለጸጋ በሽታ አይደለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም የዓለም ጤና ጉባኤ የቆዳ በሽታዎች የዓለም የጤና ጉዳይ ተደርገው ቅድሚያ እንዲሰጣቸው የሚል ውሳኔ አሳልፏል። ውሳኔው ወገዳ የሚደርሰው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ችፌን ከእከክና ከጭርት መለየት ሲሠለጥኑ፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ ሃይድሮኮርቲዞን ሳይቋረጥ ሲገኝ፣ ቫዝሊንም እንደ መኳኳያ መታየቱ ቀርቶ እንደ መድኃኒት ሲታዘዝ ነው። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶችን ይህን እጠይቃለሁ።

ወላጆችንም እጠይቃለሁ። ለመንቀያ የሚከፍሉትን ገንዘብ ያስቀምጡት። ልጅዎን ወደ ጤና ጣቢያ ወስደው ያሳዩት፤ ችፌ ነው ከተባለ የልብስ ሳሙናውን ከገላው ያርቁ፣ ጠዋትና ማታ ቫዝሊን ይቀቡት፣ ሲቆጣ የታዘዘለትን ቅባት እስኪረጋጋ ድረስ ሳይፈሩ ይጨርሱለት። ከወንድሞቹም ጋር ከአንድ መሶብ ይብላ፤ ማንንም አያሳምምም።